«ዊንጌት ወራጅ አለ?» ግን ዊንጌት ማን ነው?

ጳውሎስ ሆስፒታልን አለፍ ስትሉ፣ አስኮ ሳትደርሱ፣ ወያላው «ዊንጌት ወራጅ አለ?» ይላል። እኛም «አለ» ብለን እንወርዳለን። ስንቶቻችን ነን ይሄ የሰው ስም መሆኑን አስበን የምናውቀው? ሰፈር ነው፣ አደባባይ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው፣ አለቀ። የሚያውቁት ደግሞ ሁለት ቦታ ተከፍለው ነው የሚያወሩት። አንዱ «ኢትዮጵያን ነጻ ያወጣ ጀግና» ይላል፣ ሌላው «የቅኝ ገዢ መኮንን ስም እኛ ሰፈር ምን ይሠራል» ይላል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፣ ግን የሰውዬውን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ የእንግሊዝ መኮንን በዛ ዘመን እንዴት እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚሾም፣ እንዴትስ እንደሚወርድ ማወቅ ያስፈልጋል። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

ከየት የመጣ ሰው ነው?

ኦርድ ዊንጌት የተወለደው በ1903 ህንድ ውስጥ ናይኒ ታል በምትባል ደጋ ከተማ ነው። አባቱ ህንድ ውስጥ ያገለገሉ ኮሎኔል ናቸው። ቤተሰቡ ፕሊማውዝ ብሬዝረን የሚባል በጣም ጥብቅ የፕሮቴስታንት ወገን ነበር፣ ልጆቹ መጽሐፍ ቅዱስ በቃላቸው ሲይዙ ነው ያደጉት። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

በ1921 ዉሊች የሚገኘው የጦር አካዳሚ ገባ፣ በ1923 የመድፈኛ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ። ከዛስ? ከዛማ ምንም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት አልቋል፣ ጦሩ ቀንሷል፣ እድገት እንደ ኤሊ ነው። እንግሊዝ አገር የተቀመጠ መኮንን ፈረስ ሲጋልብና ቀበሮ ሲያሳድድ ዓመት ያልፈዋል (ዊንጌት ይሄንንም በደንብ አድርጎታል)።

ታዲያ አንድ ወጣት መኮንን እንዴት ነበር ከፍ የሚለው?

መልሱ በውሰት ነው። የእንግሊዝ ግዛት ያኔ በየአገሩ የየራሱ ጦር ነበረው። ወታደሩ የአገሩ ልጅ፣ መኮንኑ እንግሊዛዊ። ዋናው ጦር መኮንን ለጥቂት ዓመት ያውሳቸዋል። ባንክ ቤት አስቡት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ጥግ ላይ ወረቀት የሚያገላብጥ ጀማሪ ድንገት ክፍለ ሀገር ይላክና የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል። ደሞዝ ይጨምራል፣ ሰው ያዛል፣ ማንም ከላይ ቆሞ አያየውም። ዋናው መሥሪያ ቤት ሲመለስ ግን ያው ወንበሩ ነው የሚጠብቀው።

ለዊንጌት ይሄ በር የተከፈተው በዘመድ ነው። የአባቱ የአጎት ልጅ ሰር ሬጂናልድ ዊንጌት ሱዳንን ለረጅም ዘመን ያስተዳደሩ፣ ቀጥለው ግብፅ የተሾሙ ትልቅ ሰው ነበሩ። «አረብኛ ተማር፣ ሱዳን ሂድ» አሉት፣ ደብዳቤም ጻፉለት። ዘመድ የሌለው መኮንንስ ምን ይሆናል? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እዛም እንደኛው ነው።

በ1927 ጉዞ ሲጀምር አብዛኛውን አውሮፓ በብስክሌት ነው ያቋረጠው። ከ1928 እስከ 1933 የሱዳን መከላከያ ጦር ውስጥ ቢምባሺ ሆኖ ሠራ። ቢምባሺ የቱርክ ቃል ነው፣ «የሺህ አለቃ» ማለት፣ የኛው ሻለቃ ቁርጥ እሱ ነው፣ ሹምባሽ የሚለውን የጣሊያን ዘመን ቃል የምታውቁም መጨረሻው «ባሽ» የሚለው ዘመድ መሆኑን ታያላችሁ። የሥራ ቦታው ደግሞ የኛ ደጃፍ ነበር፣ ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ ዲንደር፣ ማለት ከመተማ ማዶ ያለው አገር። ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ባሪያ ፈንጋዮችንና የዝሆን ጥርስ አዳኞችን ማሳደድ ነበር ሥራው። እዛ አንድ ነገር ተማረ፣ በታወቀ መንገድ በታወቀ ሰዓት መዞር ዋጋ የለውም፣ ሰውዬው ያላሰበበት ቦታ ጥቂት ሰው ይዞ አድፍጦ መጠበቅ ነው። በኋላ በሦስት አገር ያደረገው ሁሉ የዚች ትምህርት ልጅ ነው።

ፍልስጤም ውስጥ ምን ሠራ?

ሱዳን አልቆ እንግሊዝ ሲመለስ ወደ ከፍተኛ ሹመት የሚያስገባውን የስታፍ ኮሌጅ ፈተና አለፈ፣ ግን አልተመረጠም። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይቀር ነበር። እሱ ግን በወታደራዊ ልምምድ ላይ የጦሩን ጠቅላይ አዛዥ ጠብቆ ፊት ለፊት ሄዶ አቤት አለ። ባለሥልጣኑ ደነገጡ መሰለኝ፣ ብቻ በ1936 ፍልስጤም ውስጥ የመረጃ መኮንን ቦታ ተሰጠው።

ፍልስጤም ያኔ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ስር ናት፣ አረቦቹ በእንግሊዝ አገዛዝና በአይሁድ ስደተኞች መብዛት ላይ አምጸዋል። አብዛኛው የእንግሊዝ መኮንን ልቡ ወደ አረቦቹ ነበር። ዊንጌት ግን በልጅነቱ የሸመደደው ብሉይ ኪዳን ፊቱ ተዘርግቶ አየና አንድ ጊዜ ከአይሁዶቹ ጎን ቆመ፣ ከሚገባው በላይ ቆመ ቢባል ይሻላል። በ1938 እንግሊዛዊ ወታደሮችንና የአይሁድ ወጣቶችን የቀላቀለ የሌሊት ጓድ አቋቋመ። ወደ ሃይፋ የሚሄደውን የነዳጅ ቧንቧ መጠበቅ ነበር ሰበቡ፣ ሥራው ግን ሌሊት መንደር ሰብሮ መግባት ነው። በኋላ የእስራኤል መከላከያ ሚኒስትር የሆነው ሞሼ ዳያን በእሱ እጅ ከሠለጠኑት አንዱ ነው። እስራኤሎች እስከ ዛሬ «ሃየዲድ» ይሉታል፣ ወዳጁ ማለት ነው።

የፍልስጤም አረቦች የሚያስታውሱት ሌላ ሰው ነው። ጓዱ መንደር ገብቶ ሰው ገርፏል፣ ያለ ፍርድ ገድሏል፣ አንድ ሰው ባጠፋው መንደሩን ቀጥቷል። ይሄ በራሳቸው በእንግሊዞቹም የተመሰከረ ነገር ነው፣ ጀግና ነው ብሎ የሚያወራ ሁሉ ይሄንንም አብሮ ማውራት አለበት።

በ1939 አለቆቹ «ይሄስ የኛ መኮንን ሳይሆን የነሱ ነው» ብለው ወደ አገሩ ሰደዱት፣ ሁለተኛ ፍልስጤም እንዳይገባም ተከለከለ። ሥራው እዚህ ጋ ማለቅ ነበረበት።

እኛ ጋር እንዴት መጣ?

ጣሊያን በሰኔ 1940 ጦርነት አወጀች። እስከዛ እንግሊዝ የጃንሆይን ስደት ባዝ ከተማ ላይ ዝም ብላ የምታይ፣ ጭራሽ የጣሊያንን አገዛዝ እውቅና የሰጠች ነበረች። አሁን ጣሊያን ጠላት ስትሆን ጃንሆይ ድንገት አስፈላጊ ሰው ሆኑ፣ በድብቅ በአውሮፕላን ወደ ካርቱም አመጧቸው። የመካከለኛው ምሥራቅ አዛዥ የነበሩት ዌቭል ዊንጌትን ከፍልስጤም ያውቁታል፣ አስቸጋሪ መሆኑንም ያውቃሉ፣ ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው አስቸጋሪ ሰው ነው ብለው በኅዳር 1940 ካርቱም አስጠሩት።

እዚህ ላይ በጣም የሚሳሳቱት ነገር አለ። ዊንጌት ሲመጣ ጎጃም ባዶ አልነበረም። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ሌሎችም አርበኞች አራት ዓመት ሙሉ ሲዋጉ ነበር፣ ጣሊያን ከምሽጉ ውጪ አገር አልነበረውም። ከዊንጌት በፊትም የገባ እንግሊዛዊ አለ፣ ኮሎኔል ሳንፎርድ። እሳቸው ከወረራው በፊት እዚሁ አገር እርሻ የነበራቸው፣ ሕዝቡን የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ በነሐሴ 1940 ተሻግረው አርበኞቹ ዘንድ ደርሰው ነበር። (አዎ፣ ሳንፎርድ ትምህርት ቤት የእሳቸው ቤተሰብ ነው፣ ባለቤታቸው ናቸው ያቋቋሙት። ሁለቱ እንግሊዞች እርስ በርስ አይስማሙም ነበር፣ አሁን ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ሆነው ቀሩ።)

ታዲያ ዊንጌት ምን ጨመረ?

ጥቂት የተደራጀ ጦርና አንድ ሐሳብ። ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» አለው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ያውቀዋል፣ ጌዴዎን 32 ሺህ ሰው ይዞ ተነስቶ እግዚአብሔር ቀንስ ቀንስ ብሎት 300 ቀሩ፣ በነዛ በሌሊት ቀንደ መለከት እየነፉ፣ ማሰሮ እየሰበሩ የምድያምን ሰፈር አሸበሩት። የዊንጌትም እንደዛ ነው፣ 50 ገደማ እንግሊዛዊ መኮንኖች፣ 800 ገደማ ሱዳናውያን፣ 800 ገደማ ኢትዮጵያውያን። ኢትዮጵያውያኑ አብዛኞቹ ኬንያ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ የነበሩ ናቸው። ጎጃም ላይ ያለው የጣሊያን ጦር ደግሞ ከ30 ሺህ በላይ ነው፣ መድፍና አውሮፕላን አለው።

ሐሳቡ ምን ነበር? ያኔ የእንግሊዝ ልማድ ለአገሬው አለቆች ጠመንጃና ገንዘብ በትኖ «አምጹ» ማለት ነው። ዊንጌት ይሄንን ስድብ ነው አለ። ሰው የሚዋጋው በተሰጠው ብር ሳይሆን ባመነበት ነገር ነው፣ ስለዚህ ለኢትዮጵያውያኑ ነጻነታችሁ እውነት ነው በሉ፣ ንጉሣቸውን ከፊት አድርጉ፣ ከዛ ጥቂት ጥሩ ተዋጊ አሳዩአቸው፣ ቀሪውን እነሱ ይጨርሱታል። ለዚህም ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ይታተም ነበር፣ የጃንሆይ አዋጅ ከአውሮፕላን ይበተናል፣ ከምሽጉ አጠገብ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል፣ ለጣሊያን ያደረው ወታደር ሌሊት ሌሊት እየከዳ ይወጣል።

ጥር 12 ቀን 1933 በኛ አቆጣጠር ጃንሆይ ኡም ኢድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ባንዲራ ሰቀሉ። ከዛ በላያ ተራራ፣ ከበላያ ወደ ደጋው። ከሱዳን የመጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻሉትም፣ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ፣ ከኋላ የሚመጣው ጓድ መንገዱን በሬሳቸው ጠረን ነው የሚያገኘው ይባል ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው ጨዋታ ሁሉ ብዙ መምሰል ነው። አሥር ሃያ ሰው ሌሊት ምሽግ አጠገብ ሄዶ ይተኩሳል፣ ቦታ ይቀይራል፣ ደግሞ ይተኩሳል፣ ጣሊያኑ ሠራዊት የከበበው ይመስለዋል። ጣሊያን ትቶት የሄደው የስልክ መስመር ሲገኝ ደግሞ ጣሊያንኛ አቀላጥፎ የሚናገር አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ደውሎ «ትልቅ ጦር እየመጣባችሁ ነው» ብሏቸዋል። ቡሬ በመጋቢት መጀመሪያ 1941 ተለቀቀች። ከቡሬ የሸሸው ብዙ ሺህ ጣሊያን ደምበጫ አጠገብ ቻራቃ ወንዝ ላይ መንገዱ መሐል ሰፍሮ ከነበረው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተላተመ፣ ጥቂት መቶ ሆነው ያንን ሁሉ ጦር ገጠሙት፣ ብዙ ሰውም ሞተባቸው። ዘመቻው ሲወራ የሚነሳው ሁሌ የዊንጌት ብልጠት ነው፣ እኔ ግን ቻራቃ ቀድሞ ቢነሳ ደስ ይለኛል። ሚያዝያ 6 ቀን 1941 ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ ለጣሊያን አድረው የነበሩት ራስ ኃይሉም እጅ ነሱ።

በዛው ቀን ከኬንያ የመጣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ይዟል። ካኒንግሃም «ጃንሆይ አሁን አይምጡ፣ ነጮቹ ላይ በቀል ይነሳል» አለ። ጃንሆይ ግን መጡ፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ የጣሊያኑ አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባ ልክ በአምስት ዓመቱ። ዊንጌት ፈረስ ላይ ሆኖ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

ከዛም አላረፈም። ወደ ሰሜን ሄዶ የሚሸሸውን የኮሎኔል ማራቬንታኖን ጦር አጊባር ላይ ያዘው። እንዴት? ደብዳቤ ጻፈለት። «እኛ እንግሊዞቹ ልንሄድ ነው፣ አሁን እጅህን ካልሰጠህ የምትቀረው ከአርበኞቹ ጋር ነው፣ ክረምቱም እየመጣ ነው» አለው በአጭሩ። ጣሊያኖች አርበኛ ሲሉ ምን እንደሚሰማቸው ያውቃል። በግንቦት 23 ከ8 ሺህ በላይ ሰው ትጥቁን ፈታ። አርበኞቹ ከጎኑ ባይኖሩ ያቺ ደብዳቤ ወረቀት ብቻ ነበረች።

አሸንፎ ለምን ተቀጣ?

አሁን ማዕረግ የሚባለውን ነገር እንፍታው፣ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። የእንግሊዝ መኮንን ሁለት ማዕረግ ይኖረዋል። አንዱ የራሱ፣ ቋሚው። ሌላው የተሰጠው ሥራ የሚጠይቀው ጊዜያዊ ማዕረግ። ሠርግ ላይ በተውሶ ካባ የለበሰ ሙሽራ በሉት፣ ሠርጉ ሲያልቅ ካባው ይመለሳል። ዊንጌት የጌዴዎንን ጦር ሲመራ ኮሎኔል ነበር። በሰኔ 1941 ጦሩ ሲፈርስ ሥራው የለም፣ ሥራው ከሌለ ኮሎኔልነቱም የለም፣ ሻለቃ ሆኖ ካይሮ ተላከ። ሕጉ ያው ለሁሉም ነው፣ ግን አለቆቹ ለሌላው ሌላ ቦታ ፈልገው ማዕረጉን ያቆዩለታል፣ ለሱ ያን ያደረገለት የለም።

ለምን ቢባል ጠላት አፍርቷል። እንግሊዝ በየካቲት 1941 ነጻ ኢትዮጵያን እንቀበላለን ብላ በይፋ ተናግራ ሳለ መሬት ላይ ግን «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» የሚባል አቋቁማ አገሪቷን እንደ ጣሊያን ንብረት ነበር የያዘቻት። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሁሉ አስገብተው ነበር። (ይሄ ነገር በ1942 እና በ1944 ስምምነቶች ነው ቀስ በቀስ የለቀቀው፣ ሐውድ የሚባለው የምሥራቅ ድንበር አገር ደግሞ እስከ 1955 እጃቸው ላይ ቆይቷል።) ዊንጌት ይሄንን ክህደት ነው አለ፣ ጻፈ፣ መኮንኖቹ ኢትዮጵያውያኑን ይንቁ እንደነበር ጻፈ፣ ለወታደሮቹ ያልተከፈለው አበል ይከፈል ብሎ ጻፈ፣ ሪፖርቱ በስድብ የተሞላ ነው። አለቆቹ ሰበሰቡት።

ሰውዬው ወባም ይዞታል፣ ለወባው የሚወስደውም መድኃኒት ጭንቅላት የሚያዞር ነበር። በሐምሌ 1941 ካይሮ ሆቴል ውስጥ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ጎን ክፍል ያረፈ መኮንን ድምፅ ሰምቶ ነው የደረሰለት።

እብድ ነበር እንዴ?

አለቆቹ ብዙዎቹ እንደዛ ነበር የሚያስቡት። ቀይ ሽንኩርት ጥሬውን እንደ ፖም ይገምጣል፣ የሚጮህ ደወል ሰዓት ይዞ ይዞራል፣ ገላውን በውኃ ከመታጠብ በብሩሽ መፈግፈግ ይመርጣል፣ እንግዳ ራቁቱን ሆኖ ያነጋግራል። እኔ ይሄ ወሬ የሚበዛው ሌላውን ለመሸፈን ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ስለ ሽንኩርት ማውራት ስለ ሪፖርቱ ከማውራት ይቀላል።

መጨረሻው ምን ሆነ?

ዌቭል አሁንም አስታወሱት። ህንድ ተዛውረው ነበርና በ1942 ጃፓን በርማን ስትይዝ ጠሩት። እዛ ቺንዲት የሚባለውን ጦር አቋቋመ፣ ስሙ የበርማ ቤተ መቅደስ በር ላይ ከሚቆመው የአንበሳ ሐውልት የመጣ ነው። ሐሳቡ ያው የጎጃሙ ነው፣ ከጠላት ጀርባ ጫካ ገብቶ፣ ስንቅ ከአውሮፕላን እየተወረወረ። በ1943 ከገቡት 3 ሺህ ሰዎች 800 ያህሉ አልተመለሱም፣ የተመለሱትም ብዙዎቹ ዳግም ለጦር የማይሆኑ ሆነው ነው። «ይሄ ድል ነው ወይ?» የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። ቸርችል ግን ወደዱት፣ ካናዳ፣ ኩቤክ ላይ ወደተደረገው የጦር ጉባኤ ይዘውት ሄዱ፣ በ1944 ሜጀር ጄኔራል ሆኖ የበለጠ ትልቅ ጦር በአየር አስገባ። መጋቢት 24 ቀን 1944 የተሳፈረበት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ህንድ ውስጥ ማኒፑር ተራራ ላይ ተከሰከሰ። 41 ዓመቱ ነበር። ልጁ ከሞቱ ከሳምንታት በኋላ ተወለደ።

ስሙስ የት የት ቀረ?

ጃንሆይ ውለታ አይረሱምና በ1946 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ትምህርት ቤት ጄኔራል ዊንጌት ተባለ፣ በዘመኑ ጎበዝ ተማሪ ከየክፍለ ሀገሩ ተመርጦ የሚገባበት ነበር፣ አቶ መለስ ዜናዊም እዛው ነው የተማሩት። አሁን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ ኔታንያ አጠገብ ያለው የስፖርት ተቋም በስሙ ነው፣ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ደግሞ የሚን ኦርድ የሚባል የወጣቶች መንደር አለ፣ ከጎንደር ተነስተው በሱዳን በኩል እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል ልጆች ብዙዎቹ እዛ ነው ያደጉት። ሰውዬው ወጣት ሆኖ ይጠብቀው በነበረው በዛው በገዳሪፍ በኩል ማለት ነው።

መቃብሩ ግን እንግሊዝም፣ ኢትዮጵያም፣ እስራኤልም አይደለም። አውሮፕላኑ ሲከሰከስ አስከሬኖቹን ለይቶ ማወቅ አልተቻለም፣ አብረውት ከሞቱት አብዛኞቹ አሜሪካውያን ስለነበሩ በ1950 ሁሉም አንድ ላይ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ተቀበሩ። ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ አበሾች በየቀኑ በመኪና የምታልፉት መካነ መቃብር ነው። ሲመቻችሁ ገብታችሁ ፈልጉት፣ ድንጋዩ አንድ ነው፣ ስሙም ከሌሎቹ ጋር አብሮ ነው የተጻፈው።